ግዝት ያለበት ሞተር

በመጠጥ የተገዘተ ሰው አይቻለሁ። የጎረቤቱን ድንበር ገፍቶ የተገዘተም አይቻለሁ። በሞተር ሳይክል የተገዘተ ሰው ግን ከራሴ በቀር አላየሁም፤ እናንተም አላያችሁም። እባካችሁ ገና ከመጀመሪያው አትሳቁብኝ። ሠላሳ ስምንት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አጥቼበታለሁ።

እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ። ባጃጅ ስሳፈር እንኳ «ቀስ በል ወንድሜ» እያልሁ የምሄድ ሰው ነኝ። በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተስፋ ከቆረጠብኝ በኋላ፣ የመጀመሪያ ልጄን ሴት ልጅ አገኘሁ። ባለቤቴ የሺ ትባላለች። ታናሽ ወንድሟ ደሳለው ነው፤ የሞተሩ ጌታ እሱ ነው። አባታቸው ቄስ አያሌው ደግሞ ቋሪት ውስጥ፣ ከገበዝ ማርያም ወዲያ ባለች ደብር ያገለግላሉ። ሲናገሩ ሰው ሁሉ የሚያዳምጣቸው፣ ዝም ሲሉ ሰው ሁሉ የሚፈራቸው ናቸው። እኔ ሲናገሩም እፈራቸዋለሁ።

እኛ አገር የምናውቀው ሞተር የግብርና ባለሙያ የሚሄድበት፣ ከኋላው ሁለት ሰውና አንድ በግ የሚጫንበት ሞተር ነው። የደሳለው ሞተር ግን የስፖርት ነው። ቀይ ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ የሚነዳው ሰው ሆዱን አስተኝቶ ተደፍቶ ነው የሚይዘው። ደሳለው ለሦስት ወር ሥልጠና አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ግቢያችን ጥሩ አጥር ስላለው እኛ ጓሮ ሸራ አልብሶ አስቀመጠው። እኔን አልጠረጠረኝም፤ ማንስ ይጠረጥረኛል! የፈራው የሰፈሩን ጎረምሳ ነው። አባቱ አራስ ሊጠይቁ መጥተው ስለነበር «አባ፣ ይግዘቱልኝ» አላቸው።

«ሞተርም ይገዘታል እንዴ?» ብዬ ሳቅሁ።

ቄስ አያሌው ዞር ብለው አዩኝ። «ደን ይገዘት የለም? መጽሐፍ ይገዘት የለም? ይሄስ የሰው ንብረት አይደለም ወይ?»

ሳቄን ዋጥሁ። የእጅ መስቀላቸውን አውጥተው ጓሮ ወጡና ሸራው ፊት ቆሙ። «ከልጄ ከደሳለው በቀር ይህን ሞተር የነዳ በቃሌ የታሰረ ይሁን!» አሉ። ሁላችንም «አሜን» አልን። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የእኔ አሜን ነበር።

ታዲያ ለምን ነዳሁት? እኔም ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ልጅቱ በተወለደች በአርባ ሁለተኛው ቀን የሺ ከጎረቤታችን ጋር ሆና ለክትባት ይዛት ሄደች። ከሞተሩ ጋር ለብቻችን ቀረን። ብዙ ጊዜ የቆመ ሞተር ባትሪው ይሞታል ሲሉ ሰምቻለሁ። አደራ የተቀበለ ሰው ባትሪ ሲሞት ዝም ብሎ ያያል? አያይም። ማስነሣት ደግሞ መንዳት አይደለም። አስነሣሁት። ከተነሣ በኋላ ላዩ ላይ መቀመጥም መንዳት አይደለም። ተቀመጥሁ። ከተቀመጥሁ በኋላ እስከ በሩ ጠጋ ማድረግ፣ እሱም ቢሆን ማስጠጋት እንጂ መንዳት አይባልም። እንዲህ እያልሁ፣ እንዲህ እያልሁ ከተማውን ጨርሼ ወጣሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ነፋሱ ሸሚዜን ሲነፋው የሃያ ዓመት ልጅ የሆንሁ መሰለኝ። ሰው እንዳያየኝ ብዬ ከአስፓልቱ ወደ ገጠር በሚገባው ኮረኮንች ታጠፍሁ። አንዲት መታጠፊያ ላይ ብቅ ስል፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የሞላ ጭድ የተጫነች አህያ ፊቴ ቆማለች። ፍሬኑን ጨበጥሁት። ሞተሩ ከቦዩ ጋር ተላተመ፤ እኔ አልፌ በርበሬ ማሳ ውስጥ ገባሁ።

የአህያዋ ባለቤት ዱላውን ጥሎ ሮጠ። «ወንድም ጋሼ፣ አለህ?»

«አለሁ» አልሁ፣ እርግጠኛ ሳልሆን።

«አይዞህ፣ አህያይቱ ደህና ናት» አለኝ። ለእሷ የተጨነቅሁ መስሎት ነው።

እግዜር ይስጠው፣ ሞተሩን ከቦዩ ያወጣልኝ እሱ ነው። ሞተሩ የፊት ጎማውን ከግራና ከቀኝ ጨብጠው የሚይዙ ሁለት የሚያብረቀርቁ የብረት እግሮች አሉት፤ መካኒኮች ሾክ ይሏቸዋል። ውስጣቸው ዘይት አለ፤ መንገዱ ሲጎረብጥ ይሰበሰባሉ፣ መልሰው ይዘረጋሉ። የቀኙ እግር ጎብጧል። ዘይቱን ከሚይዘው የጎማ ቀለበት፣ ከጎሚኒው ሥር ጠብ፣ ጠብ ይላል። መሪውን ወደ ቤቴ ባዞረውም ጎማው የሚያየው ሌላ ቀበሌ ነው። በፈረስ ጋሪ ጭኜ፣ ጭድ አልብሼ፣ የሺ ሳትመለስ ጓሮ አስገባሁትና ሸራውን መለስሁበት። ከዚያ ገብቼ ጋዜጣ እንደሚያነብ ሰው ተቀመጥሁ፤ ጋዜጣ ግን ቤታችን ውስጥ አልነበረም።

ያን ቀን ማታ ልጅቱ አለቀሰች። የተከተበ ሕፃን እንደሚያለቅስ አገር ያውቃል። እኔ ግን ግዝቱ ነው አልሁ። በማግስቱ የጓሮው ቧንቧ ደረቀ፤ ግዝቱ ነው። በሦስተኛው ቀን ወገቤን ሰንጎ ያዘኝ፤ ግዝቱ ነው። ከሞተር ላይ የወደቀ ሰው ወገቡን ሊያመው እንደሚችል ለአንድ አፍታ እንኳ ትዝ አላለኝም።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ ዲያቆን አለ። ሻይ ልጋብዝህ ብዬ ወሰድሁት። «አንድ የማውቀው ሰው አለ» አልሁት። «ግዝት አፍርሷል። ምን ይሻለዋል?»

«የገዘተው ካህን ይፍታው።»

«ሌላ ካህንስ?»

«ያሰረው እያለ ሌላው ምን ብሎ ይፈታዋል?»

«ዝም ብሎ ቢቀርስ?»

ዲያቆኑ ሻዩን አማሰለ። «ልጅ አለው ሰውየው?»

ብርጭቆውን አስቀመጥሁት። «ምነው? ለምን ጠየቅኸኝ?»

«አይ፣ እንዲያው ነው። ልጅ ያለው ሰው መጠንቀቅ አለበት ብዬ ነው።»

አያችሁልኝ? ከዚህ በኋላ እህል በአፌ አልዞር አለ። ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። የሚያጠምቋት አያቷ ቄስ አያሌው ናቸው። ለክርስትናው ደሳለውም ከአዲስ አበባ ይመጣል። ስለዚህ ሰማንያኛው ቀን ሳይደርስ ሁለት ነገር መጠገን አለብኝ፤ ሞተሩንና እኔን። እኔን የሚጠግኑት ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ከሁሉም በላይ የምሸሻቸው ሰው ናቸው። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቅኋት ልጅ በእኔ እብደት አንድ ነገር ብትሆንስ? ይህን ሳስብ አልጋዋ አጠገብ ሄጄ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። የሺ «ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ፣ ልጅቱን አስተኛት እንጂ!» ትለኛለች።

መጀመሪያ በአቋራጭ ሞከርሁ። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ቄስ ሁሉ «ይፍቱኝ አባቴ» እላለሁ፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉኛል። በአንድ ቅዳሜ ገበያ ብቻ ከሰባት ቄስ ተቀበልሁ። አንዱንማ ሁለቴ ስላቆምኋቸው «ልጄ፣ ደህና ነህ?» ብለው ግንባሬን ዳሰሱኝ። ኋላ ደፈር ብዬ ለራሳቸው ለቄስ አያሌው ደወልሁ። «አባቴ ይፍቱኝ» አልሁ። «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ። ስልኩን ጆሮአቸው ላይ ዘጋሁት። ዲያቆኑን ሄጄ «ያ የማውቀው ሰው የገዘቱትን ካህን በስልክ ይፍቱኝ ብሎ ይፍታህ ተባለ» አልሁት። «ጥፋቱን ተናግሯል?» አለኝ። «ስልኩ ተዘጋ» አልሁት። «እንግዲያው ሰላምታ ነው የተሰጣጡት» አለ።

ወደ ሞተሩ ልመለስ። አንድ የሰፈራችን የባጃጅ መካኒክ፣ የሺ ቡና ተጠርታ በወጣችበት ሰዓት መጥቶ ሸራውን ገለጠ። ፉጨት አወጣ። «ጋሼ፣ ይሄ የእኔ አቅም አይደለም። ዕቃውም እዚህ አይገኝም።» ብረቱን ማረሻ ለሚሠራው ቀጥቃጭ ሰጥተን በእሳት እናቅናው ወይ አልሁት፤ ተቆጣኝ። የጎበጠ ሾክ በእሳት ከቀና በኋላ መንገድ ላይ ይሰበራል፣ ነጂውን ይገድላል አለኝ። ደሳለውን መግደል ደግሞ በሐሳቤ አልነበረም። ዕቃው እስኪገኝ የተፋቀው ብረት እንዳይዝግ ግሪስ ቀባው ብሎኝ ሄደ።

ግሪስ ከየት ላምጣ? አራስ ቤት ውስጥ ግን ቅቤ ሞልቷል። አንድ እፍኝ ለጋ ቅቤ ወስጄ ሁለቱንም እግሮች አሳምሬ ቀባኋቸው። ስጨርስ ራሴን አደነቅሁ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ጓሯችን ተሰብስቧል። ሸራውን ገልጠው፣ አምስቱ ዙሪያውን ተሰልፈው ሾኩን ይልሳሉ። አንዱ ቡችላ ተራ አልደርስ ብሎት ያለቅሳል። የሺ በሩ ላይ ቆማ «ይሄ ሞተር ምን ነክቶት ነው ውሻ የሚሰበስበው?» አለች።

«የአዲስ አበባ ሽታ ይሆናል» አልሁ። ደግነቱ ልጅቱ አለቀሰችና የሺ ገባች። በነጋታው «ቅቤዬን ምን በላው?» ብላ ጠየቀች። «ድመት» አልሁ። ድመት የለንም። ግዝት፣ ውሸት፣ የአራስ ቅቤ መስረቅ፤ ነገሩ በላይ በላዩ ይደራረብ ጀመር።

እንዲህ ስል ስል ልጄ ስድሳ ቀን ሞላት። በስንት ስልክ ቡሬ አስማማው የሚባል መካኒክ እንዳለ ሰማሁ። ደወልሁለት። «የተጎዳውን ፈትተህ ይዘህ ና፤ ሳላየውና ሳልለካው ምንም አልልም» አለኝ። የባጃጁ መካኒክ ፈታልኝ፤ ሞተሩን ድንጋይ ላይ አቁመን ሸራ አለበስነው። ሾኩን ደግሞ ዘይቱ ልብሴን እንዳያበላሽ ብዬ በንጹሕ ነጠላ ጠቀለልሁትና የቡሬ ሚኒባስ ውስጥ ታቅፌው ተቀመጥሁ።

በነጠላ የተጠቀለለ፣ ረዘም ያለ፣ ሰው በሁለት እጁ የታቀፈው ነገር ምን ይመስላል? እኔ አላሰብሁበትም። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ገና ሲያዩት ተነሥተው ተሳለሙት። «የየት ደብር ነው ልጄ?» አሉኝ። የቤተ ክርስቲያን መስቀል መስሏቸዋል።

«ኧረ እማማ፣ ብረት ነው!» አልሁ።

«አዎ፣ መስቀልም ብረት ነው ልጄ» አሉና ደግመው ሳሙት።

«የሞተር ዕቃ ነው እኮ እማማ!»

ቀና ብለው በሐዘን አዩኝ። «በቅዱስ ነገር አይቀለድም» አሉ። ረዳቱ ሰማና «ወደ ፊት ይለፉ፣ ወደ ፊት» ብሎ ከሹፌሩ አጠገብ የነበረውን ሰውዬ አስነሥቶ እኔን አስቀመጠኝ። ሹፌሩ ዘፈኑን አጠፋ። እስከ ቡሬ ድረስ ማንም ጮክ ብሎ አላወራም። እኔ ላብ በላብ ሆኜ፣ የጎበጠ ሾክ ታቅፌ፣ ሌላ ግዝት እንዳይጨመርብኝ እየለመንሁ ደረስሁ። እውነቱን ተናግሬ ማንም ሳያምነኝ ሲቀር ያ የመጀመሪያዬ ነው።

አስማማው ሾኩን አገላበጠ። «ቅቤ ቅቤ የሚሸተው ምንድን ነው?» አለ። ነጠላዬን አጣጠፍሁ። «አንዱን ብቻ ቀይሮ አይሆንም፣ ሁለቱም እኩል መሆን አለባቸው። ጎሚኒውም ይቀየራል። አንድ ቦታ አውቃለሁ፣ ና።» ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ ወዳለ ግቢ ወሰደኝ። ያው የደሳለው ዓይነት ሞተር፣ ኋላው ተሰባብሮ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የፊት እግሮቹ ግን ትናንት የተሠሩ ይመስላሉ። የግቢዋ ባለቤት እትዬ ጥሩዬ የሚባሉ ሴትዮ ናቸው፤ ሞተሩ የልጃቸው ነበር፣ ትቶት ሄዷል።

«ውሰዱት» አሉ። እኔ እጃቸውን ልስም ተነሣሁ። «ግን አሁን አይነካም።»

«ለምን?»

«ዶሮዬ ታቅፋለች።»

ጎንበስ ብለን አየን። በሁለቱ ሾኮች መካከል፣ ጭራሮና ገለባ ተጎዝጉዞላት፣ አንዲት ገብስማ ዶሮ ተኝታለች። ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ።

«ቀስ ብለን ብናዛውራትስ?» አልሁ።

«የታቀፈች ዶሮ ይነካል? እንቁላሉን ጥላ ትሄዳለች! ምን ዓይነት ሰው ነህ?»

«ስንት ቀኗ ነው?»

«ዛሬ አራተኛዋ።»

ዶሮ በሃያ አንድ ቀን ትፈለፍላለች። አሥራ ሰባት ቀን ቀራት ማለት ነው። ስድሳ ላይ አሥራ ሰባት ሲጨመር ሰባ ሰባት። ሦስት ቀን ብቻ ይተርፈኛል። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን በፍጥነት ደምሬ አላውቅም።

ያን አሥራ ሰባት ቀን እንዴት እንዳሳለፍሁት አትጠይቁኝ። በየቀኑ ለአስማማው እደውላለሁ። «እንዴት ናት? በላች? አልተነሣችም?» አንድ ቀን ሰፈሩ ውስጥ ጭልፊት ታየ ሲለኝ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። የሺ አንድ ሁለቴ ሰማችኝ። «ቡሬ ያለችው ማናት፣ በላች አልበላች የምትላት?» አለች።

«ዶሮ ናት።»

«ዶሮ!» አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። አሁንም እውነቱን ተናግሬ ነው።

በሰባ ሰባተኛው ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ። «ጋሼ፣ ዘጠኝ ፈለፈለች!» አለኝ አስማማው። መዝገብ ቤት ውስጥ «እልልል» ብዬ ጮህሁ። ዲያቆኑ ፋይሉን ከእጁ ጣለ። እትዬ ጥሩዬ ጫጩቶቹ ጠንከር እስኪሉ አንድ ቀን አስቆሙን። በሰባ ዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ የሺ ለነገው ድግስ ከሴቶቹ ጋር ጎረቤት ግቢ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ አስማማው ሁለቱን ሾክ ይዞ ከተፍ አለ። ጎሚኒውን ቀየረ፣ አዲስ ዘይት ሞላ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ፣ መሪውን ቀጥ አደረገ። ሞተሩን ከፊቱ ጫን ጫን ሲያደርገው እስትንፋስ እንደሚወስድ ሰው ዝቅ፣ ከፍ አለ። «የፋብሪካው ሰው ቢመጣ አያውቀውም» አለኝና ሄደ።

ለሁለት ሰዓት ያህል ደስተኛ ሰው ነበርሁ። ከዚያ ደሳለው መጣ። ሸራውን ገለጠ፣ ዞረው፣ ዳሰሰው። ከዚያ ትከሻዬን አቅፎ «ጋሼ፣ አንተን የመሰለ ሰው የት ይገኛል! እንዳስቀመጥሁት ነው» አለኝ። እዚያው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። ሞተሩ ድኗል፤ የታሰርሁት እኔ ግን እንደታሰርሁ ነኝ። ለዚህኛው ቡሬም ዕቃ የለም።

ልናገር ወይስ ልተው? ብተወው ማንም አያውቅም። ነገ ጠዋት ግን ልጄን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ እኔ በግዝት ታስሬ ከኋላዋ ልሄድ ነው።

ቄስ አያሌው ደክሟቸው ጓዳ መደብ ላይ አረፍ ብለዋል። ከገጠር እያነከሱ ነው የገቡት። ልጅቱ አጠገባቸው ተኝታለች። ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ።»

«እንደዚያ አይደለም አባቴ። ሞተሩን ነድቼዋለሁ።»

አላቋረጡኝም። ሁሉንም ነገርኋቸው። አህያዋን፣ በርበሬውን፣ ቅቤውን፣ ነጠላውን የሳሙትን እናት፣ ዶሮዋን። «የሚመጣው ሁሉ በእኔ ይምጣ። እሷን ግን እንዳይነካት፣ እባክዎ ይፍቱኝ» ብዬ አለቀስሁ፤ ሽማግሌ ፊት እንዲህ ማልቀስ ነውር መሆኑን እያወቅሁ።

«ጨረስህ?» አሉ።

«ጨረስሁ።»

«የወደቅህ ዕለት ሳይመሽ ሰምቻለሁ። ሰው በቀይ ሞተር በርበሬ ውስጥ ሲገባ፣ በእኛ አገር ወሬው እኔ ዘንድ ሳይደርስ የሚቀር መሰለህ? ሲነጋ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ፈታሁህ። አራስ ቤት ያለ ሰው አስሬ እንቅልፍ የሚወስደኝ ነኝ?»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ? ያን ሁሉ ቀን!»

«ደውለህ ነበር። እሺ፣ አሁን ይነግረኛል ስል ዘጋህብኝ። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያልሁ ጠበቅሁህ። ለደሳለው ግን አንተው ትነግረዋለህ፤ የሱን እኔ አልፈታልህም።»

«አሁኑኑ እነግረዋለሁ። ስግደቱስ አባቴ? ግዝት ያለ ስግደት ይፈታል ወይ? ይንገሩኝ፣ ዛሬውኑ ልጀምር።»

«ስግደቱ አልቋል» አሉ። «አንተ አልመጣህም፤ ሌላ ማን ይስገድልህ?»

ቀኝ እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ቀስ ብለው መደቡ ላይ ዘረጉት። ጉልበታቸው አብጧል። አሸት አሸት አደረጉትና፣ ልጅቱ እንዳትነቃ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ የቡሬው መካኒክ ጎበዝ ነው አልህ? እስቲ ለዚህም የሚቀየር ካለው ጠይቅልኝ» አሉ።

ልስቅ ነበር፤ አልሆነልኝም። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁት።